የቤዛ ድንጋይ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ነው። "ዓመት ሙሉ አልበረደልሽም?" የሚሉኝ አሉ። አልበረደልኝም። ይህን የምጽፈውም ሰው ሁሉ "ይቅር በይና ተዪው" ሲለኝ መልስ መስጠት ስለሰለቸኝ ነው። አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል።

የምኖረው አሰላ ነው። በሥራ ቀን አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የሰው ማመልከቻ ስተይብ እውላለሁ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት አስተምራለሁ፤ ከሰባት እስከ ዐሥር ዓመት ያሉትን። ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ቁጡ ነኝ፣ አልክድም። ልጆቹ ግን ይወዱኛል፤ እንደ ሰው ስለማወራቸው ይመስለኛል።

የዚያ እሑድ ርእስ በደልና ይቅርታ ነበር። የያዕቆብንና የዔሳውን ታሪክ መረጥኩ። ያዕቆብ አባቱን አታሎ የወንድሙን በረከት ወሰደ፤ በዚህም ጦስ አገር ጥሎ ተሰደደ፤ ስንት ዓመት የሰው በግ ሲጠብቅ ኖረ፤ እሱም በተራው ተታለለ። በመጨረሻ ሲመለስ ወንድሙ ፊት ሰባት ጊዜ እየሰገደ ቀረበ። ዔሳው ሮጦ አቀፈው፣ ሁለቱም ተላቀሱ። ልጆቹ ይህችን ቦታ ሲሰሙ ጸጥ ይላሉ።

እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! እኔ ግን ነገር ማሳመር እወዳለሁ። "የእኛ አባቶችስ ይቅርታ የሚጠይቁት እንዴት ነው?" ብዬ ስለ ድንጋዩ ነገርኳቸው። የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ የተበደለው ሰው ደጅ ይቆማል። የተበደለውም "ይቅር ለእግዚአብሔር" ብሎ ድንጋዩን በእጁ ያወርድለታል። ሁለት ልጆች አስነሥቼ፣ ከግቢ ድንጋይ አስመጥቼ በድራማ አሠራኋቸው።

"ድንጋዩን ማነው የሚያወርደው?"

"የተበደለው!" አዳራሹ በአንድ ድምፅ ጮኸ።

"የበደለው ደክሞኛል ብሎ ራሱ ቢያወርደውስ?"

"አይሆንም!"

"ይቅር ካልተባለስ?"

"አይወርድም!"

ጎበዞች ብዬ አጨበጨብኩላቸው። ያን ጭብጨባዬን ሳስታውስ ዛሬም በራሴ እናደዳለሁ።

ከተማሪዎቼ አንዷ ቤዛ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ጥያቄዋ አያልቅም። "ኖኅ መርከብ ውስጥ ትኋንም አስገብቷል?" ብላ ያሳቀችኝ እሷ ናት። ያን ቀን ግን አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። እኔም ልብ አላልኩም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ዐሥር ሰዓት ገደማ፣ የቤዛ እናት ገነት እየሮጠች ፎቶ ኮፒ ቤቱ ድረስ መጣች።

"ሂሩት፣ ምንድን ነው ልጄን ያስተማርሻት? ድንጋይ ተሸክማ እትዬ ጥሩወርቅ በር ላይ ቆማለች! ከትምህርት ቤት ከወጣች ጀምሮ እዚያው ናት። ላወርድላት ብሞክር ጮኸችብኝ።"

ማመልከቻውን የጀመርኩለትን ሰውዬ እንደተቀመጠ ጥዬው ወጣሁ። ታሪኩን ገነት የነገረችኝ እየሮጥን ነው፤ እሷም ራሷ የሰማችው ከልጅቷ አፍ፣ ያኔውኑ ነበር።

እትዬ ጥሩወርቅን የማያውቅ በሰፈራችን የለም። የእነ ገነት የአጥር ጎረቤት ናቸው። የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው፤ ልጆቹ የሚማሩበትን አዳራሽ ምንጣፍ ያነጠፉት እሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ ልጆቹን ሰብስበው "ይቅር የማይል ሰው ይቅር አይባልም" ብለው ሲመክሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በሁዳዴ እንቁላል የሚበላ ስለሌለ፣ እትዬ ዶሮአቸውን ዐሥራ ሁለት እንቁላል አስታቅፈው ነበር። በሁለቱ ግቢ መካከል ባለው አጥር ሥር አንዲት ልጅ የምታሾልክ ቀዳዳ አለች። ቤዛ ጫጩቱ እንቁላሉ ውስጥ እንዴት እንደሚተኛ ማየት አማራትና ሾልካ ገባች። አምስቱን በቀሚሷ ይዛ፣ አንዱን ወደ ፀሐይ አንሥታ ስታይ ዶሮዋ እየጮኸች መጣችባት። ደነገጠች፤ ሁሉም ወድቀው ተሰበሩ። ስባሪውን ሰብስባ ማድ ቤቱ ጀርባ ጣለችና አመለጠች።

ማድ ቤቱ ጀርባ ያለችው ክፍል የድንቄ ነበረች። ድንቄ የእትዬ ጥሩወርቅ የቤት ሠራተኛ ናት፤ አርባ ዓመት ያለፋት፣ ሁለት ልጆቿን ጢቾ እናቷ ዘንድ ትታ የመጣች፣ እዚያ ቤት ሰባት ዓመት የሠራች ሴት። ቅርፊቱ ከክፍሏ ጀርባ ሲገኝ "በሁዳዴ እንቁላል ሰርቃ በላች" ተባለች። ሌባ መባሉስ ይሁን፤ ጾም ሽራለች መባል ለምታስቀድስ ሴት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። "በእመቤቴ አልበላሁም" ብላ ማለች፣ እግራቸው ላይ ወድቃ አለቀሰች። ከሆሳዕና በፊት አስወጧት። ነገሩን ለማኅበሩም ተናገሩት፤ ከዚያ ወዲያ አሰላ ውስጥ በሩን የሚከፍትላት ቤት ጠፋ። ወደ ጢቾ ተመለሰች።

እስቲ ማን ይሙት፣ የታቀፈ እንቁላል ማን ይበላል? ደም የያዘ እንቁላል! ይህን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም ያኔ ወሬውን ሰምቼ ከንፈሬን መጥጬ አልፌያለሁ።

እትዬ በር ስንደርስ ቤዛ በትምህርት ቤት ዩኒፎርሟ ጎንበስ ብላ ቆማለች። ድንጋዩ የድፎ ዳቦ ያህላል። በሁለት እጇ ደግፋዋለች፤ ክንዶቿ ይንቀጠቀጣሉ፤ ማጅራቷ ተልጧል። ከጭላሎ ተራራ በኩል የመጣው ዝናብ መጣል ጀምሯል።

"ቤዛዬ፣ አውርጂው" አልኳት። "ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁ? እኔው ነኝ አውርጂው የምልሽ።"

ቀና ማለት ስላልቻለች መሬት መሬት እያየች መለሰችልኝ። "ቲቸር፣ የበደለው ካወረደው አይሆንም ብለሻል።"

ምን ልበላት? ጨዋታ ነው ልበላት? ድንጋዩን በጉልበት ልቀማት እጄን ብሰድ እሪ አለች። በሩን ደበደብኩ። እትዬ ጥሩወርቅ የቆርቆሮውን በር ገርበብ አድርገው ፊታቸውን ብቻ አወጡ።

"ሂሩት፣ ይቺን ልጅ ከደጄ አንሺልኝ።"

"እትዬ፣ ይቅርታ ልትጠይቅዎ ነው የመጣችው። እንቁላሉን የሰበረችው እሷ ናት።"

"ውሸት ነው! ማን እንደላካት አውቃለሁ። ያቺ ሌባ ናት ከጢቾ እየደወለች ልጅ የምታነሣሣብኝ። እንቁላሉን የበላው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።"

"ማንም አልላከኝም" አለች ቤዛ ከድንጋዩ ሥር። "ጫጩቱን ላይ ብዬ ነው።"

እዚህ ላይ ሁሉ ነገር ገባኝ፤ ደሜም ፈላ። ሴትዮዋ ልጅቷን አላመኗት ሳይሆን ማመን አልፈለጉም። ቤዛን ይቅር ካሉ ድንቄ ንጹሕ ናት። ድንቄ ንጹሕ ከሆነች ደግሞ ለማኅበሩ ያወሩት፣ የማሉት፣ ያባረሩት ሁሉ የራሳቸው በደል ሊሆን ነው። ከዚህ ሁሉ አንዲት ልጅ ዝናብ ላይ ድንጋይ ተሸክማ ብታድር መረጡ።

ሰው ተሰበሰበ። ከሴትዮዋ ቤት ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ሐጂ ቃሲም ጃንጥላ ይዘው መጡና ልጅቷ ላይ ዘረጉ። እሳቸው ግን በዝናቡ ይደበደባሉ።

"ጥሩወርቅ፣ ምን ነካሽ?" አሉ። "ኢጆሌ እኮ ናት፣ ልጅ! አራራ፣ ይቅርታ ብሎ ደጅሽ የቆመን ሰው ትመልሻለሽ? በእኛም ነውር ነው፣ በእናንተም ነውር ነው።"

"ሐጂ፣ እርስዎ አይግቡበት፤ የቤቴን ጉዳይ አያውቁም።"

እኔ ያኔ አፌን መያዝ አቃተኝ። "የቤትዎን ጉዳይማ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያውቀው ያደረጉት እርስዎ ነዎት! ይቅር ካሏት ድንቄን በሐሰት ማባረርዎ ሊታወቅ ነው። ያስፈራዎት እሱ ነው!" ብዬ ጮኽኩ። አንድ ሁለቱ ሰዎች "ኧረ ተይ ሂሩት" አሉኝ። አልተውኩም።

እትዬ ሰዉን ዞር ዞር ብለው አዩት። ሰው እየበዛ ነው። ባጃጅ አቁመው የሚያዩም አሉ፤ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ሊቀርጽ ነው። በሩን ብርግድ አድርገው ወጡና ድንጋዩን ከልጅቷ ማጅራት ላይ መንጭቀው ወደ ቦይ ወረወሩት።

"ይኸው! ይቅር! ይቅር ለእግዚአብሔር! በቃ?"

"እሰይ! እሰይ!" አለ ሰዉ። አንዲት ሴትዮ ጭራሽ እልልታዋን ለቀቀችው። የማኅበሩ ሴቶች የእትዬን ትከሻ እየሳሙ "እግዜር ይስጥዎ፣ እርስዎ እኮ እናት ነዎት" ይሏቸው ጀመር። ይቅርታው ሠርግ ሆነ ማለት ነው።

ቤዛ ቀስ ብላ ቀና አለች። ማጅራቷን እያሻሸች እትዬን አየቻቸው። ፊቷ ላይ ድፍረት የሚባል ነገር አልነበረም፤ እሑድ እሑድ እኔን እንደምትጠይቀኝ ነው የጠየቀቻቸው።

"እትዬ፣ እርስዎስ ለድንቄ መቼ ነው የሚሸከሙት?"

እልልታው ቆመ። እትዬ ጥሩወርቅ ወደ ግቢያቸው ገብተው በሩን ወረወሩት።

ያኔ ምን ሆነ መሰላችሁ? "አዎ፣ ልጅቷ እውነቷን ነው" የሚል ሰው ይኖራል ብዬ ጠብቄ ነበር። ገነት ልጇን በጥፊ መታቻት! "ትልቅ ሰው እንዲህ ይባላል? ባለጌ!" ያ ሁሉ ሲያዝንላት የነበረ ሰው "የዘመኑ ልጅ"፣ "ምን ታርግ፣ አስተማሪዋ ናት" እያለ ተበተነ። ሐጂ ቃሲም ብቻ ዝቅ ብለው ፊቷን በእጃቸው ጠረጉላት። "አይዞሽ ልጄ" አሏት።

በነጋታው ሐሙስ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች ጠሩኝ። ሦስት ሰዎች ናቸው። ትምህርቱ ለሕፃናት ይከብዳል፣ መዝሙር ብታስጠኛቸው ይሻላል አሉኝ።

"እንግዲህ ልጅቷ ይቅር ተብላለች" አለኝ አንደኛው። "ከዚህ በላይ ምን ቀረ?"

"ድንቄ ቀረች።"

"እሷማ አሁን እዚህ የለችም። የሌለ ሰው ጉዳይ አንሥቶ ምእመናንን ማጋጨት ምን ይጠቅማል?"

እዚህ የሌለችው እኮ ስለተባረረች ነው! ይህን ስናገር ድምፄ ከቢሮው አልፎ እንደተሰማ በኋላ ነገሩኝ። "አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ" ብዬም ጨመርኩበት። እነሱም "ለጊዜው ዕረፍት ውሰጂ" አሉኝ። ክፍሌን ለሌላ ሰጡብኝ። አንድ ልጅ ስለ ይቅርታ የተማረውን ከልቡ ቢያደርገው ትምህርቱ ከባድ ሆነ፤ ባያደርገው ኖሮ ጥሩ አስተማሪ ነበርኩ።

ዓርብ ማታ ገነት ቤቴ መጣች። ዓይኗ አብጧል። "ልጄን ሰው ስለሰማት መታኋት" አለች። "እሷ እኮ ስለ ጥፊው አላለቀሰችም። 'ድንቄን ያስባረርኳት እኔ ነኝ፣ ገና እኮ ይቅር አልተባልኩም' እያለች እህል አልቀምስም አለችኝ። ጢቾ እንውሰዳት፣ እባክሽ አብረሽኝ ሂጂ።"

ቅዳሜ ማለዳ ሦስታችን ሚኒባስ ተሳፈርን። ቤዛ ድንጋይ ከአሰላ ይዤ ካልሄድኩ ብላ አስቸግራን ነበር። "ጢቾም ድንጋይ ሞልቷል" ብላ እናቷ አሳመነቻት። በዚያ ሁሉ ንዴት ውስጥ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

ድንቄን ያገኘናት ከከተማዋ ወጣ ብሎ እናቷ ጓሮ፣ ድንች ስትኮተኩት ነው። ቤዛ ከአጥሩ ሥር የራሷን ድንጋይ መርጣ፣ ማጅራቷ ላይ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ ወደ እሷ ሄደች። ድንቄ መኮትኮቻዋን ጥላ ሮጠች። ልጅቷ ገና አንድ ቃል ሳትናገር ድንጋዩን ተቀበለቻት።

"ልጄን! ማነው ይህን የጫነብሽ?"

"እኔው ነኝ። እንቁላሉን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ቅርፊቱን አንቺ ክፍል ጋ የጣልኩትም እኔ ነኝ።"

ድንቄ እዚያው የተኮተኮተው አፈር ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ልጅቷን ወደ ራሷ ስባ የተላጠ ማጅራቷን ሳመችው። "ይቅር ለእግዚአብሔር። እኔም ይቅር ብዬሻለሁ" አለቻት። ቤዛ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰችው። ከፍቷት እንደከረመ ሁሉ ተንሰቀሰቀች።

እኔ ደግሞ ነገሩ አለቀ ብዬ ዕንባዬን መጥረግ ጀመርኩ። ድንቄ ቀና ብላ እኔንና ገነትን አየችን።

"እሷ ልጅ ናት፣ መጥታለችም" አለች። "እናንተስ? ሰባት ዓመት ሙሉ ታውቁኛላችሁ። አብሬያችሁ አስቀድሻለሁ፣ ሐዘን ቤታችሁ ወጥ ሠርቻለሁ። አንዳችሁ እንኳ 'ድንቄ ይህን አታደርግም' አላላችሁም።"

አፈርኩ። በአሰላ መንገድ ላይ ያ ሁሉ ጩኸቴ፣ ያ ሁሉ ቆራጥነቴ የት ነበር በሁዳዴ? ጎንበስ ብዬ ያንኑ ድንጋይ አነሣሁና ማጅራቴ ላይ አደረግኩት። ገነትም አጠገቤ ሌላ ተሸክማ ቆመች።

ድንቄ ቶሎ አላወረደችልንም። መኮትኮቻዋን አንሥታ የጀመረችውን መደብ እስከ ጫፉ ኮተኮተች። አንገቴ ሲቃጠል ይሰማኛል። ይገባኛል አልኩ በልቤ። ጨርሳ መጣችና በየተራ አወረደችልን። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አለች፣ ድምፅዋ ግን ደረቅ ነበር።

ስትሸኘን እትዬ ጥሩወርቅን አነሣሁባት። "ለእሳቸው ምን ልበልልሽ?"

"ምንም። ይቅርታ በሰው አይላክም። ድንጋይዋን ራሷ ተሸክማ ትምጣ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም በያት።"

እንደተባልኩት ነገርኳቸው፤ ያውም ከቅዳሴ ስንወጣ ሴቶቹ በሙሉ ባሉበት። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አጣፉና "እኔ? ለገረድ?" አሉ። ከዚያ በፈገግታ ወደ ሌሎቹ ዞረው ስለ ማኅበሩ ዝክር ማውራት ቀጠሉ። ሌሎቹም አብረዋቸው ቀጠሉ!

ዓመት አለፈ። እትዬ ዛሬም ሰብሳቢ ናቸው። ማኅበሩ ላይ "ድንቄ ጾም አልሻረችም፣ ተሳስተን ነው" ብሎ የተናገረ እስካሁን የለም። ድንቄም አሰላ አልተመለሰችም። እኔን ግን የተካኝ ሰው ሲተዋቸው ከሁለት ወር በኋላ ወደ ክፍሌ መለሱኝ። ስለ ይቅርታ ሳስተምር አሁን ሌላ ነገር እጨምራለሁ፦ ልጅ የቻለውን ያህል ይሸከማል፣ ከዚያ በላይ የከበደው እንደሆነ ወደ እኔ ይምጣ፣ አብረን እንሸከማለን እላቸዋለሁ።

እትዬ ጥሩወርቅ ከእኔ ጋር ሰላም ለማውረድ ሰው ልከዋል። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። ባለፈው ወር ደግሞ የንስሐ አባቴ ጠሩኝና "ልጄ፣ ቂም ይዘሽ አትቁረቢ፤ ይቅር በያቸው" አሉኝ።

"አባቴ፣ እኔን ምን በድለውኝ ነው ይቅር የምላቸው?" አልኳቸው። "የተበደለችው ጢቾ ናት። የእሷን ይቅርታ እኔ ከየት አምጥቼ እሰጣለሁ?"

"እንግዲያውስ ቁጣሽን ተዪው፤ ቁጣ ራስሽን ነው የሚያቃጥለው።"

"ያቃጥለኛል፣ አባቴ። ግን እኔም ከተውኩት፣ እዚህ ከተማ ድንቄን የሚያስታውስ ማን ይቀራል?"

አባቴ መስቀላቸውን አሳልመው አሰናበቱኝ። እኔ ግን ቁጣዬን አልተውኩትም።